ሜዳው ስንት ኪሎ ሜትር ይርቃል?



ዛሬ ይዤላችሁ የቀረብኩት ጥያቄ ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። ወረርሽኝ ገብቷል። መንግሥት «ከቤት አትውጡ» ብሏል፤ ለአካል ብቃት እንቅስቃሴ ግን መውጣት ተፈቅዷል። ታዲያ አንድ ሰው በሰፈሩ መሮጥ እየቻለ መኪናውን አስነሥቶ ወይም ታክሲ ተሳፍሮ ወደ ተራራና ወደ ጫካ ሄዶ ስፖርት ቢሠራ ያጠፋል ወይስ አያጠፋም?

ኮሮና ካለፈ በኋላ ይህን ማንሣት «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ነው የምትሉ አትጠፉም። ነገር ግን ወረርሽኙ በገባ ሰሞን ማንም ረጋ ብሎ ለማሰብ ፋታ አላገኘም። ደንቡ በጥድፊያ ተጻፈ፤ ፖሊስ ደንቡን አንብቦ ሳይጨርስ አደባባይ ወጣ፤ ሕዝቡም የተፈቀደውንና የተከለከለውን ከጎረቤት እየጠያየቀ ሰነበተ። ለሚቀጥለው ወረርሽኝ የሚሆነው አሳብ መዘጋጀት ያለበት እንደ ዛሬው ልብ ባረፈበት ጊዜ ነው።

ልነግራችሁ የመጣሁትን ከመጀመሪያው ልናገረው። ቫይረስ ኪሎ ሜትር ቆጥሮ አያውቅም። ስለዚህ ሰው «ምን ያህል ልራቅ?» ከማለቱ በፊት «በምን ልሂድ? እዚያ ከስንት ሰው ጋር እጋፋለሁ? አንድ ነገር ብሆን ሸክሜ በማን ላይ ይወድቃል?» ብሎ ራሱን ቢጠይቅ ይሻላል። ከዚህም የሚበልጥ ነገር አለ። ሰው ለስፖርት ይጓዝ አይጓዝ የሚለው በአብዛኛው የሚወሰነው ወረርሽኙ ከመግባቱ ከብዙ ዓመት በፊት ነው፤ ከተማው ሜዳውን የት እንደሚያኖር፣ የትኛውን ሜዳ ለግንባታ እንደሚሰጥ ሲወስን። ንግግሬ በሙሉ ወደዚያ ያመራል። ቀኖቹንና ዓመቶቹን የምጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አስቀድሜ ላሳስብ።

ክርክሩ ጎልቶ የታየው በብሪታንያ ስለሆነ ከዚያ እጀምራለሁ። ዓርብ ማርች 20 ቀን 2020 የብሪታንያ መንግሥት መጠጥ ቤቶች፣ ምግብ ቤቶችና የስፖርት አዳራሾች እንዲዘጉ አዘዘ። በማግስቱ ቅዳሜ ሕዝቡ ወደ ገጠር ተመመ። በዌልስ ከሁሉ የሚበልጠው ተራራ፣ 1,085 ሜትር ከፍታ ያለው ስኖዶን፣ በሰው ተጥለቀለቀ። የአካባቢው ብሔራዊ ፓርክ አስተዳደር ሰው በሚያስታውሰው ዘመን ሁሉ እንዲህ ያለ የጎብኚ ብዛት ታይቶ እንደማይታወቅ ገለጸ። መኪናው በጠባቡ የገጠር መንገድ ዳርና ዳር ተደረደረ፤ ወደ ተራራው ጫፍ የሚወስደው መንገድም የገበያ ቀን መንገድ መሰለ።

ከእነዚያ ሰዎች እያንዳንዱ ብቻውን ሲታይ ያሰበው ትክክል ነበር። አዳራሹ ተዘግቷል፤ የታመቀ አየር አደገኛ ነው፤ ተራራው ሰፊ ነው፤ ነፋሱም ንጹሕ ነው። ጉዳቱ የመጣው ሁሉም በአንድ ቀን ይህንኑ በማሰቡ ነው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንላለን። ስኖዶን ሥር የሆነው የዚህ ተገላቢጦሽ ነው። ሃምሳው ሰው የየራሱን ሎሚ በእጁ አንጠልጥሎ መጣና አንዲት መንደር ደጃፍ ላይ አራገፈው።

ሰኞ ማርች 23 ማታ ጠቅላይ ሚኒስትር ቦሪስ ጆንሰን በቴሌቪዥን ቀርበው ሕዝቡ በቤቱ እንዲቀመጥ አዘዙ። ከቤት ለመውጣት ከተፈቀዱት ጥቂት ምክንያቶች አንዱ በቀን አንድ ጊዜ፣ ለብቻ ወይም አብሮ ከሚኖር ቤተሰብ ጋር፣ መሮጥ፣ በእግር መንሸራሸር ወይም ብስክሌት መንዳት ነበር። ከሦስት ቀን በኋላ ደንቡ ሲወጣ ግን በእንግሊዝ ሕግ ውስጥ «በቀን አንድ ጊዜ» የሚል ቃል አልተገኘም። ስንት ኪሎ ሜትር ድረስ መሄድ እንደሚቻል የሚናገር አንቀጽም አልነበረም። በዌልስ ደንብ ደግሞ «በቀን ከአንድ ጊዜ ያልበለጠ» ተብሎ ተጽፏል። በሁለቱ አገሮች ድንበር ላይ የሚኖር ሯጭ ድልድይ በተሻገረ ቁጥር ሕጉ ይለወጥበት ነበር ማለት ነው።

በዚያው ሳምንት የደርቢሻየር ፖሊስ ፒክ ዲስትሪክት በሚባለው ኮረብታማ አገር፣ ከርበር ኤጅ በተባለ የገደል አፋፍ ላይ ድሮን አስነሣ። ውሻቸውን ይዘው የሚንሸራሸሩ ሰዎችን ከሰማይ ቀርጾ፣ «ይህ አስፈላጊ ጉዞ አይደለም» የሚል መልእክት አክሎ፣ ለሕዝብ አሰራጨ። ምስሉ አገር ያወቀው ጉዳይ ሆነ። አንዳንዱ «ደግ አደረጉ፤ እኛ ቤታችን ታፍነን እነሱ ይንሸራሸራሉ?» አለ። ሌላው «ባዶ ሜዳ ላይ ማን ማንን ሊያስይዝ?» ብሎ ጠየቀ። የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ የነበሩት ሎርድ ሳምፕሽን ፖሊሱን በአደባባይ ነቀፉ። የክርክራቸው ፍሬ ይህ ነበር፦ ፖሊስ የማስከበር ሥልጣን ያለው በሕግ የተጻፈውን ነው፤ ሚኒስትሮች በመግለጫ የተመኙትን አይደለም።

ሌሎች አገሮች ቁጥር በመወሰን ከዚህ ውዝግብ ለመዳን ሞከሩ። እስራኤል በማርች 2020 መጨረሻ ሕዝቡ ከቤቱ 100 ሜትር እንዳይርቅ አዘዘች። ፈረንሳይ አንድ ኪሎ ሜትርና አንድ ሰዓት ፈቀደች፤ የወጣበትን ሰዓትና ምክንያት የሞላበትን ወረቀት ሳይዝ የተገኘ ሰው 135 ዩሮ ይቀጣ ነበር። አየርላንድ በ2 ኪሎ ሜትር ጀምራ በሜይ ወር ወደ 5 አሳደገችው። የአውስትራሊያዋ ሜልበርን በዚያው ዓመት ኦገስት ላይ 5 ኪሎ ሜትርና አንድ ሰዓት አለች። ስፔን ከማርች አጋማሽ ጀምሮ እስከ ሜይ 2 ድረስ አዋቂዎችን ለስፖርት ጭራሽ አላስወጣችም። ደቡብ አፍሪካም ኤፕሪልን በሙሉ ሩጫንና ውሻ ይዞ መንሸራሸርን ከለከለች።

እንግዲህ ቫይረሱ አንድ ሆኖ ሳለ በእስራኤልና በአየርላንድ መካከል ብቻ የሃያ እጥፍ ልዩነት አለ። ይህን ልዩነት የሚያስረዳ የቫይረሱ ጠባይ የለም። ቁጥሩ የሚያገለግለው ለቁጥጥር ነው። ይህን ስል ቁጥርን ማጣጣሌ አይደለም። ቁጥር ግልጽ ነው፤ ሀብታምም ድኻም እኩል ያነበዋል፤ ፖሊስ እንደ ስሜቱ እንዳይተረጉመውም ያግዛል። የፓሪስ ሰው ካርታው ላይ ክብ አስምሮ «እስከዚህ የእኔ ነው» ማለት ይችል ነበር። እንግሊዛዊው ግን «በአካባቢህ ቆይ» ተብሎ ሲነገረው አካባቢው የት ላይ እንደሚያልቅ የሚነግረው አላገኘም።

ይሁን እንጂ ሰውን ለመበተን ታስቦ የወጣ ገደብ ሰውን ሲያሰባስብም ታይቷል። ደቡብ አፍሪካ ሜይ 1 ቀን 2020 ስፖርትን ስትፈቅድ፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ብቻ፣ ያውም ከቤት 5 ኪሎ ሜትር ሳይርቁ ነበር። አምስት ሳምንት ታፍኖ የቆየ ሕዝብ በሦስት ሰዓት ውስጥ ውጣ ሲባል የሚሆነው ሆነ፤ በኬፕታውን ሲ ፖይንት የሚባለው የባሕር ዳር መንገድ በሰው ተሞላ። ፓሪስም ኤፕሪል ላይ በቀኑ ክፍለ ጊዜ መሮጥን ከልክላ ጠዋትና ማታን ብቻ ስትተው፣ ሯጩን ሁሉ ወደ እነዚያ ሰዓቶች ገፋችው። ቦታን ስታጠብብ ወይም ሰዓትን ስታሳጥር፣ ያው ሕዝብ በጠበበው ቦታና ባጠረው ሰዓት ውስጥ ይገናኛል።

ታዳሚዎቼ፤

በ2020 መጀመሪያ ላይ ስለ ክፍት አየር በቂ እውቀት አልነበረም፤ መንግሥታት መፍራታቸውም አያስወቅሳቸውም። እያደር ግን ማስረጃው ተከማቸ። በቻይና የተደረገ አንድ ጥናት ዝርዝር መረጃ የተገኘላቸውን 7,324 ታማሚዎች መርምሮ፣ ደጅ ላይ የተጀመረ የመተላለፍ ክስተት ያገኘው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ሁለት ሰዎችን የሚመለከት ነበር። በአየርላንድ እስከ 2021 ጸደይ ድረስ ከተመዘገቡት 232,164 ታማሚዎች ውስጥ ከክፍት ቦታ እንቅስቃሴ ጋር የተያያዙት 262 መሆናቸው ተነግሯል፤ ከሺህ አንድ ያህል ማለት ነው። እርግጥ ነው፣ በሜዳ ላይ ማን ከማን እንደያዘው መከታተል ቤት ውስጥ እንደመከታተል አይቀልም፤ እውነተኛው ቁጥር ከዚህ ከፍ ሊል ይችላል። ቢሆንም በአዳራሹና በሜዳው መካከል ያለው ልዩነት በዚህ የሚካካስ አይደለም።

ምክንያቱ ለማንም ይገባል። ቫይረሱን የተሸከሙት ጥቃቅን ጠብታዎች በዝግ ክፍል ውስጥ ለረጅም ሰዓት አየሩ ላይ እየተንሳፈፉ ይከማቻሉ። ደጅ ላይ ነፋሱ ይበትናቸዋል፤ የፀሐዩ ጨረርም ቫይረሱን ያዳክመዋል። ከአጠገባችሁ ሮጦ ያለፈ ሰው አብሯችሁ የሚቆየው ለጥቂት ሰከንድ ነው። በ2020 በጋ የእንግሊዝ ባሕር ዳርቻዎች በሕዝብ ሲጨናነቁ ጋዜጦች መዓት እንደሚመጣ ጽፈው ነበር። የኤድንብራ ዩኒቨርሲቲው የወረርሽኝ ተመራማሪ ፕሮፌሰር ማርክ ዉልሃውስ በፌብሩዋሪ 2021 ለፓርላማ አባላት ሲያስረዱ፣ ከእነዚያ ባሕር ዳርቻዎች ጋር የተያያዘ አንድም የወረርሽኝ ክስተት እንዳልታየ ተናገሩ።

ይህን የሰማ ሰው «እንግዲያውማ ወደ ፈለግንበት እንሂድ» ሊል ይችላል። ነገሩ ግን እዚህ ላይ አያልቅም። ሜዳው ምንም ያህል ንጹሕ ቢሆን፣ ጉዞው ሦስት ዓይነት ዋጋ አለው።

የመጀመሪያው ማጓጓዣው ነው። በግል መኪናው ከቤተሰቡ ጋር የሚሄድ ሰው በመንገድ ላይ ማንንም አይነካም። በአውቶቡስና በባቡር የሚሄድ ግን ንጹሑን አየር ለማግኘት ሲል የታመቀውን አየር አልፎ ይሄዳል፤ ሲመለስም ያንኑ ይደግመዋል። ለእንዲህ ያለው ሰው አደጋው ያለው መንገዱ ላይ ነው።

ሁለተኛው የመድረሻው ሁኔታ ነው። መኪና ማቆሚያው፣ መጸዳጃ ቤቱ፣ የሻይ ቤቱ ሰልፍና የጠባቡ መንገድ መግቢያ ሰው የሚጠጋጋባቸው ቦታዎች ናቸው። ብዙ የገጠር መንደሮች ሽማግሌና አሮጊት የሚበዙባቸው፣ ሆስፒታላቸውም ጥቂት አልጋ ብቻ ያለው ነው። የዌልስና የስኮትላንድ የገጠር ነዋሪዎች «አትምጡብን» ሲሉ እንግዳ ጠልተው አይደለም።

ሦስተኛው አደጋ ሲደርስ የሚነሣው ሰው ነው። በእንግሊዝና በዌልስ ተራራ ላይ የተጎዳን ሰው የሚያወርዱት ደመወዝ የማይከፈላቸው በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ፌብሩዋሪ 6 ቀን 2021፣ ገደቡ ጸንቶ ሳለ፣ ከሌስተርና ከሊቨርፑል ድረስ የመጡ ሁለት ሰዎች ሌክ ዲስትሪክት በሚባለው አገር፣ ሬድ ስክሪስ በተባለ ተራራ ላይ ድንኳን ተክለው አደሩ። አንደኛው ሌሊት ደረቱን አመመውና እርዳታ ተጠራ። ሊረዱ በጨለማ ከወጡት በጎ ፈቃደኞች አንዱ ወደ 150 ሜትር ቁልቁል ተንሸራትቶ ወድቆ በጽኑ ተጎዳ። ተጓዦቹ እያንዳንዳቸው 200 ፓውንድ ተቀጡ። ያ ሰው የተጎዳው በቫይረስ አይደለም።  ግን «እኔ ብቻዬን ነኝ፣ ማንን እጎዳለሁ?» የሚለው ስሌት ያላስገባው አንድ ሰው ነበር፤ እሱም ለማያውቀው ሰው ብሎ ከአልጋው የተነሣው።

እንግዲህ ሁለት እውነቶች ጎን ለጎን ቆመዋል። ክፍት አየር ከሞላ ጎደል ደኅና ነው። ጉዞ ደግሞ በሌላው ላይ የሚወድቅ ዋጋ አለው። ሁለቱን የሚያስታርቅ ደንብ ማውጣት ከባድ ነው፤ የወጣውን ማስከበር ደግሞ ከዚያ ይብሳል።

የማስከበሩን ችግር ከደርቢሻየር ይልቅ አጉልቶ ያሳየ የለም። በጃንዋሪ 2021 መጀመሪያ፣ ሁለት ሴቶች በየመኪናቸው አምስት ማይል፣ ማለትም ስምንት ኪሎ ሜትር ያህል፣ ነድተው ፎርማርክ ወደሚባል የውሃ ማጠራቀሚያ ሐይቅ ሄዱ። ተራርቀው ሊንሸራሸሩ ነበር። ፖሊሶች ከበቧቸው፤ አካባቢያችሁ አይደለም አሏቸው፤ በእጃቸው የያዙት ትኩስ መጠጥም እንደ ሽርሽር ይቆጠራል ብለው 200 ፓውንድ 200 ፓውንድ ቀጧቸው። አገሩ ሁሉ ተነጋገረበት። የፖሊስ አዛዦች ምክር ቤት መመሪያውን አብራራ፤ ቅጣቱ ተሰርዞ ይቅርታ ተጠየቁ። በዚያው ሰሞን ደግሞ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ራሳቸው ከመኖሪያቸው ሰባት ማይል በሚርቀው የምሥራቅ ለንደን ኦሎምፒክ ፓርክ ብስክሌት ሲነዱ ታዩ። ሕግ አልጣሱም፤ ሕጉ የርቀት ወሰን አልነበረውምና። ሕዝቡ ግን ለአምስት ማይል የሚቀጣ፣ ለሰባት ማይል የሚታለፍ ነገር አየ።

የሹማምንት ጉዞ በየአገሩ ተመሳሳይ ጠባሳ ጥሏል። የስኮትላንድ ዋና የሕክምና ኃላፊ የነበሩት ዶክተር ካትሪን ካልደርውድ ሕዝቡን «ቤታችሁ ቆዩ» እያሉ፣ ከኤድንብራ ከአንድ ሰዓት በላይ ወደሚያስነዳው ሁለተኛ ቤታቸው መሄዳቸው ተደርሶበት ኤፕሪል 5 ቀን 2020 ሥልጣናቸውን ለቀቁ። የኒውዚላንዱ የጤና ሚኒስትር ዴቪድ ክላርክ ለተራራ ብስክሌትና ቤተሰባቸውን ይዘው ባሕር ዳር ለመንሸራሸር በመኪና በመሄዳቸው በሚኒስትሮች ተርታ ዝቅ ተደረጉ። ሚኒስትሩ ብቻቸውን ብስክሌት ሲነዱ ቫይረስ ለማን ሊያስተላልፉ ይችላሉ? ለማንም። ነገር ግን የወረርሽኝ ደንብ የሚቆመው በየቤቱ በር ላይ ፖሊስ በማቆም አይደለም፤ ሰው ጎረቤቱም እንደሚያከብረው በማመኑ ነው። ያ እምነት ከተሸረሸረ ደንቡ ወረቀት ሆኖ ይቀራል።

ክቡራትና ክቡራን፤

እስካሁን የተናገርኩት ስለ ተጓዡ ነው። አሁን መጓዝ ስለማያስፈልገውና ስለሚያስፈልገው ሰው እናገራለሁ። «በአካባቢህ ቆይ» የሚለው ትእዛዝ ለሁሉ ሰው እኩል ክብደት የለውም። የብሪታንያ የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት በሜይ 2020 ባወጣው መረጃ፣ በአገሪቱ ከስምንት ቤተሰብ አንዱ የግልም ሆነ የጋራ የአትክልት ቦታ የለውም፤ በለንደን ከአምስት አንዱ። በእንግሊዝ ጥቁሮች በቤታቸው ምንም ዓይነት ደጅ የሌላቸው የመሆን ዕድላቸው ከነጮች አራት እጥፍ ይጠጋል። ግቢ ያለው ሰው ሣሩ ላይ ተቀምጦ «ሰው ለምን ቤቱ አይቀመጥም?» ይላል። በአሥረኛ ፎቅ ከሦስት ልጆች ጋር የታፈነችው እናት ያላት ምርጫ የሰፈር መናፈሻ ነው።

ያም ሆኖ ገደቡ ሲጀመር ቶሎ ከተዘጉት መካከል እንዲህ ያሉ የሰፈር መናፈሻዎች ነበሩ። በምሥራቅ ለንደን ያለው ቪክቶሪያ ፓርክ ማርች 25 ተዘጋና ከሁለት ሳምንት በላይ ተዘግቶ ቆየ። በደቡብ ለንደን ያለው ብሮክዌል ፓርክ፣ በአንድ ፀሐያማ ቅዳሜ ከ3,000 በላይ ሰው ስለገባበት፣ በማግስቱ ተቆለፈ። አንድ መናፈሻ ሲዘጋ ተጠቃሚው ወደ ሌላኛው ይሄዳል፤ ያኛው ደግሞ ይጨናነቃል። ሰውን ወደ ሩቅ ጉዞ የሚገፋው ስንፍና ወይም ማን አለብኝነት ብቻ አይደለም። ብዙ ጊዜ የቅርቡ በር ስለተዘጋበት ነው።

ይህን ወደ አገራችን ስናመጣው መልኩ ይለወጣል። በኢትዮጵያ የመጀመሪያው ታማሚ የተገኘው ማርች 13 ቀን 2020 ነው፤ ኤፕሪል 8 ለአምስት ወር የሚቆይ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። እንደ አውሮፓ ሙሉ በሙሉ ቤት የመዝጋት እርምጃ ግን አልተወሰደም። የዕለት ጉርሱን በዕለቱ ወጥቶ የሚያገኝ ሕዝብ ቤቱ ተቀመጥ ቢባል ምን ይበላል? በመሆኑም መሰብሰብ ተገደበ፤ ትምህርት ቤት ተዘጋ፤ የሕዝብ ማጓጓዣ በግማሽ እንዲጭን ታዘዘ። «ለስፖርት ስንት ኪሎ ሜትር?» የሚል አንቀጽ አልነበረንም።

ጥያቄው ግን ነበረን። ከመገናኛ ወይም ከመርካቶ ተነሥቶ እንጦጦ ጫካ ለመሮጥ የሚፈልግ ወጣት መኪና የለውም። ሚኒባስ ታክሲ ውስጥ ይገባል። በግማሽ ተጭኖም ቢሆን፣ መስኮቱ «ብርድ ነው» ተብሎ ከተዘጋ፣ ያ ታክሲ ጫካው ፈጽሞ የሌለው አደጋ አለው። አትሌቶቻችንም እንዲሁ ናቸው። ሱሉልታ ሜዳ፣ ሰንዳፋ አስፋልት፣ እንጦጦ ዳገት የሚወስዳቸው ሰርቪስ በማለዳ ሰው አሳፍሮ ይወጣል። ልምምዱ ከፍታ፣ ኮሮኮንችና ለስላሳ መሬት ስለሚፈልግ የአትሌት ጉዞ የቅንጦት አይደለም፤ እንጀራው ነው። ግን ጥንቃቄው መቀመጥ ያለበት ሜዳው ላይ ሳይሆን ሰርቪሱ ላይ ነው፦ መስኮት መክፈት፣ ጭምብል ማድረግ፣ ቡድኑን ከፍሎ መጫን፣ ከተቻለ ከልምምዱ ቦታ አጠገብ ማደር።

ርቀትን ሳይቀንሱ ግፊያን መቀነስ እንደሚቻል ያሳየን አንድ ውድድር አለ። የ2020 የለንደን ማራቶን ከኤፕሪል ወደ ኦክቶበር 4 ተላልፎ፣ በከተማው ጎዳናዎች መካሄዱ ቀርቶ፣ ለምርጥ አትሌቶች ብቻ ሴንት ጄምስ ፓርክ በተባለው መናፈሻ ዙሪያ ተካሄደ። ተመልካች አልነበረም። ሯጮቹ ያንኑ መንገድ ከ19 ዙር በላይ ዞሩት፤ የእኛው ሹራ ቂጣታም በ2 ሰዓት ከ5 ደቂቃ ከ41 ሰከንድ ቀድሞ ገባ። 42 ኪሎ ሜትሩ አንድ ሜትር አልጎደለም። የጎደለው ግፊያው ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ ግን ከዚህ ሁሉ የሚበልጥ ትምህርት የሰጠን ጃን ሜዳ ነው። በኤፕሪል 2020 አትክልት ተራ በጥበቱ ምክንያት ለወረርሽኙ የሚመች ቦታ ሆኖ ስለተገኘ ገበያው ወደ ጃን ሜዳ ተዛወረ። ውሳኔው በራሱ ማለፊያ ነበር፤ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚገዛውን ሕዝብ ከጠባብ መንገድ አውጥቶ ሰፊ ሜዳ ላይ በተነው። ከተማው በችግር ቀን የዳነው ሰፊ ሜዳ ስለነበረው ነው። ነገር ግን ያ ሜዳ አገር አቋራጭ የሚሮጥበት፣ የሰፈሩ ወጣት ኳስ የሚጫወትበት፣ ሽማግሌው በማለዳ ሰውነቱን የሚያፍታታበትም ነበር። ለ2021 ጥምቀት እስኪለቀቅ ድረስ ሯጩ ሌላ ቦታ ፍለጋ ተሰደደ። ሌላ ቦታ ማለት ደግሞ ታክሲ ማለት ነው።

ጃን ሜዳ የነገረን፣ አንድ ትልቅ ሜዳ ለገበያም፣ ለስፖርትም፣ ለበዓልም እንደማይበቃ ነው። በየሰፈሩ አነስተኛ ሜዳ ቢኖረን ኖሮ ገበያው ጃን ሜዳን ሲይዝ ሯጩ ሩቅ ባልሄደ ነበር። ባለፉት ዓመታት በእንጦጦና በሌሎችም ቦታዎች ትልልቅ ፓርኮች ተሠርተዋል፤ የሚያኮሩ ናቸው። ፓርክ ሩቅ ከሆነ፣ መግቢያም የሚከፈልበት ከሆነ፣ በወረርሽኝ ቀን የቅርብ ሜዳን ሊተካ አይችልም። በአንጻሩ በ2018 መጨረሻ የተጀመረው መንገድን ከመኪና ነፃ አድርጎ ለስፖርት የመክፈት ልማድ ብዙ ወጪ ሳይጠይቅ ሜዳን ወደ ሰው ደጃፍ ያመጣ ነበር። አስፋልቱ አለ፤ የሚያስፈልገው መኪናውን ለጥቂት ሰዓት ማገድ ብቻ ነው። በወረርሽኝ ጊዜ ይህ በወር አንዴ፣ በዋና አደባባይ መሆኑ ቀርቶ፣ በየሳምንቱና በየሰፈሩ ቢሆን፣ ሕዝቡ ሳይሰባሰብ ደጁ ላይ ሰውነቱን ያንቀሳቅሳል።

እንግዲህ ለጥያቄው መልስ ልስጥ።

ለግለሰቡ የምለው ይህ ነው። በእግርህ ደርሰህ የምትሠራበት ክፍት ቦታ ካለህ፣ ገደቡ እስኪነሣ እዚያው ሥራ። ተራራው አይሄድም። የምትሠራበት ቅርብ ቦታ ከሌለህ ወይም ያለው ከተጨናነቀ፣ ሕጉ እስከፈቀደልህ ድረስ መሄድህ ነውር የለበትም። ስትሄድ ግን ሌላውን በማታስጨንቅበት ማጓጓዣ፣ ሰው በማይበዛበት ሰዓት፣ አደጋ በማይበዛበት መሬት ሂድ። ማቆሚያው ሞልቶ ካገኘኸው ተመለስ።

ሕግ ለሚያወጣው የምለው፦ የምትቀጣበትን በሕግ ጻፈው፤ የምትመክረውን ምክር በለው፤ ሁለቱን አታደባልቅ። ቁጥር ማስቀመጥ ካለብህ፣ ምክንያቱ የሕዝብ ብዛትን መቆጣጠር እንጂ የቫይረሱ ጠባይ እንዳልሆነ ለሕዝቡ ንገረው፤ እውነቱን የተነገረው ሕዝብ ይታገሣል። መናፈሻን የመጨረሻ ዝጋ፣ የመጀመሪያ ክፈት። ሰዓትንም አታሳጥር። የራስህንም መኪና ቁልፍ ስቀለው።

ለከተማው የምለው ግን ከሁለቱ ይበልጣል፤ ወረርሽኝም አይጠብቅም። የሰፈር ኳስ ሜዳ ለሕንፃ በተሰጠ ቁጥር ለሚቀጥለው ወረርሽኝ የጉዞ ደንብ እየተጻፈ ነው። ያን ጊዜ ፖሊሱ የሚያስቆመው ወጣት በማስተር ፕላን ጠረጴዛ ላይ ሜዳው የተወሰደበት ልጅ ነው። ስለዚህ ከዚህ አዳራሽ ስትወጡ የየወረዳችሁን ፕላን ጠይቁ። ልጆቻችሁና ወላጆቻችሁ በሩብ ሰዓት የእግር መንገድ ሊደርሱበት የሚችሉት፣ ክፍያ የማይጠየቅበት፣ አጥር የሌለው ሜዳ የትኛው እንደሆነ በስሙ ይነገራችሁ። ካለ ይመዝገብላችሁ፤ ካርታ ይሠራለት። ከሌለ ደግሞ ለምን እንደሌለ የሚጠየቀውን ሰው ዛሬውኑ እወቁት።